ሚስትህን የከሰስክበት ነገር

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናትህም ደህና ናት። ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም ምላሴ ጤነኛ ነው፤ እሱን አሁን ታየዋለህ። ሰላምታዬን ግማሹን ብቻ ነው የላክሁልህ። ሌላውን ግማሽ ለሚስትህ አስቀርቼዋለሁ፤ ካለችበት ሄደህ አንተው ራስህ ታደርስልኛለህ።

ባለፈው ማክሰኞ ደውዬ «ታከም» እያልኩህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። እኔ አባትህ ነኝ! አለቃዬ እንኳ፣ ያ ትዕቢተኛ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዘግቶብኝ አያውቅም። እንግዲያው ደብዳቤ ይሁን አልኩ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ልትቀደው ብትነሣ እንኳ ዓይንህ ሁለት መስመር ሰርቆ ማንበቡ አይቀርም፤ ያቺ ሁለት መስመር ትበቃኛለች፦ ሚስትህ ምንም አላደረገችህም። ታመሃል፤ ሂድና ታከም።

ይኸው፣ ዋናው እሱ ነው። አሁን መቅደድ ካማረህ ቅደድ። ካልቀደድክ ተቀመጥና ስማኝ።

የምትጽፈው እናትህ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። በዚህ ከተማ መሬት ሥር የትኛው ቧንቧ የት ላይ እንደሚታጠፍ በእግሬ እየረገጥኩ አሳይ ነበር፤ ፊደል የቆጠሩት መሐንዲሶች ካርታቸውን ጠቅልለው ከኋላ ከኋላዬ ነው የሚከተሉኝ። እሷ ግን ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ከአፌ የወጣውን እንዳለ እንድትጽፍ፣ አንድም ቃል እንዳታለሰልስልኝ አስምያታለሁ። ገጹ ባለቀ ቁጥር መልሳ ታነብልኛለች፤ ስትዘል በትንፋሿ አውቅባታለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ደውለህ «ሂድና ለአባቷ ንገርልኝ፤ ልጅህን ውሰድ በለው» አልከኝ። ምን አጠፋች ብልህ፣ ተለውጣለች፣ ቀዝቅዛለች፣ ሌላ ሰው ሳይኖራት አይቀርም አልክ። በመጨረሻም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «የሆነ ነገር አድርጋብኛለች» አልከኝ። የሆነ ነገር! አንተ እኮ የባዮሎጂ መምህር ነህ። ደም ከልብ ተነሥቶ የት ደርሶ እንደሚመለስ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልክ የሰው ልጆች ታስተምራለህ። «አድርጋብኛለች» ስትል አንተ ባታፍር ጠመኔው እንኳ አያፍርም?

እኔም ሞኙ አምኜህ ነበር። ልሄድልህ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ኮቴን አስተኩሼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሚስትህ እኛ ቤት መጣች። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና። እናትህ ማድ ቤት አስገባቻት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የጎረቤት ቧንቧ መክፈቻ እያደስኩ ነበር። የሴት ወሬ ማድመጥ ነውር ነው፤ አደመጥኩ። እንኳንም አደመጥኩ።

ዓመት ሊሆነው ነው አለች። መጀመሪያ በራስህ ትናደድ ነበር አለች። ኋላ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ መተኛት ጀመርክ። ጠዋት ደግሞ ሸሚዙ በደንብ አልተተኮሰም፣ ሻዩ በረደ፣ ልጅቷን አቀበጥሻት እያልክ ጠብ መፈለግ። አዲስ ቀሚስ ገዝታ ብትለብስልህ «ለማን ነው የምትኳኳዪው?» አልካት። አሁን አልጋህን ልጅቷ ክፍል አስገብተሃል። «አስጠላሁት መሰለኝ እማዬ» ስትል ሰማኋት። የራሷን ስታለቅስ ቆይታ ደግሞ ስላንተ ማልቀስ ጀመረች፦ ከስቷል፤ ውሃ በጆግ ካጠገቡ አይጠፋም፤ ሽንት አራት ጊዜ ያስነሣዋል፤ ዓምና የጀመረውን የደም ግፊት ክኒን ስሙን እንኳ አይነግረኝም አለች።

ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል ያለች ጊዜ ነው መክፈቻውን ያስቀመጥኩት። ይህን ግድግዳ አውቀዋለሁ። የተሰረቀ መሣሪያዬን ሰው እጅ ላይ ያየሁ ያህል ነው ያወቅሁት።

እንግዲህ እናትህ እጇን ልትሰበስብ ነው። ጻፊ ብያታለሁ።

አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ አንተ አራተኛ ክፍል ነበርክ። አንድ ቀን አልጋ ላይ ገላዬ እምቢ አለኝ። ድካም ነው አልኩ። በሳምንቱም እምቢ አለኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ወር ሲያልፍ ከራሴ ጋር መነጋገር ተውኩ። ወንድ ከጎረቤት፣ ከአለቃ፣ ከመንግሥት ጋር ይጣላል እንጂ ይህን ነገር ከራሱ ጋር አይነጋገርም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጠዋት ጠብ። በሩ ለምን ጮኸ፣ ምግቡ ለምን ጨው በዛው፣ ይህ ሳሙና ምን ምን ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ገላዬን ፈርቼ እናትህን ስደበድብ ከረምኩ፤ በእጄ አይደለም፣ በአፌ ነው። በአፍም ይደበደባል፤ ምልክቱ አይታይም እንጂ።

በእኛ ሥራ ጀማሪና ነባር የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ውሃ ጠፋ ሲባል ጀማሪ መክፈቻውን ይፈታል። ነባር መክፈቻውን አይነካም፤ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቆጣሪውን ያያል፣ ከቆጣሪው ዋናውን መስመር፣ ከመስመሩ ታንከሩን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኬ አስተምሬ፣ በገዛ ቤቴ ግን አሥራ አንድ ዓመት መክፈቻ ስፈታ ኖርኩ። እናትህ ላይ ያልፈታሁት ቡሎን የለም፤ መስመሩን ግን አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

ዝገቱ የምንለውን የሥራ ባልደረባዬን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ሲስቅ ጥርሱ የማያልቀው። «ለጓደኛዬ ነው» ብዬ ባማክረው «ጓደኛህን ሰላም በልልኝ» ብሎ እየሳቀ አንድ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ወሰደኝ። መድኃኒት ሻጭ ይባል እንጂ ሱቁ ሳጥን ነበር፤ በጀርባው የሚያዞረው ሳጥን። የፈረስ ሥዕል ያለበት እሽግ ሰጠኝ። ስሙ አይታወቅ፣ መጠኑ አይታወቅ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅ። ዋጥኩት። በማግስቱ ጉድጓድ ውስጥ ቧንቧ ስቀጥል ልቤ ውሃ እንዳጣ ፓምፕ ባዶውን ይንደቀደቅ ጀመር፤ ወደቅሁ። አራት ሰው ጎትቶ አወጣኝ። ፀሐይ መታው ተባለ። እኔም ፀሐይ ነው አልኩ። ለልብ የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያንን ዓይነት ክኒን ቢደርብበት ሞቶ ሊቀር እንደሚችል በኋላ ሐኪም ነገረችኝ። ያ ባለ ሳጥን ግን ያን ዕለት ማታም ሳጥኑን አዝሎ ሌላውን ወንድ ፍለጋ ሄዷል። እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

አልጋዬን መሣሪያ ቤት አስገባሁ። ለአንተ «ድንገት ቧንቧ ከፈነዳ እንዳልቀሰቅሳችሁ ነው» አልኩህ። ውሸት ነበር። ሰፈሩ ግን የራሱን መልስ አገኘ፦ በምላሷ አባረረችው። የገዛ እኅቷ ቤታችን ድረስ መጥታ «ባልሽን መያዝ ያቃተሽ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ስታስለቅሳት መሣሪያ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ወጥቼ «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። መዶሻ አንሥቼ ምንም የሌለበትን ብረት ቀጠቀጥኩ። እናትህ አንድ ቃል ነበረቻት። «አይችልም» ብትል በአንድ ቀን መላው ሰፈር ፊት ባዶዬን ታስቀረኝ ነበር። አላለችም። አሥራ አንድ ዓመት አላለችም።

ወደ ሐኪም የሄድኩት ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልህ። ሚስማር ቦቲዬን በስቶ እግሬ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጬው ዋልኩ፤ አላመመኝም። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው ያየሁት። ቁስሉ አልድን ብሎ ሲጠቁር ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ያገኘችኝ ዶክተር ካንተ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ እንዲህች ያለች ልጅ እኔን ምን ታውቃለች አልኩ በሆዴ። ውሃ ይጠማዎታል ወይ አለች። ዓይንዎስ? ሽንትዎስ? ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ወረቀቷን ሳታይ «በትዳርዎ በኩልስ፣ ከባለቤትዎ ጋር?» አለችኝ። ተነሣሁ። የመጣሁት በእግሬ ጉዳይ ነው፣ ነውረኛ አልኳት። ብትስቅ ወይም ብትቆጣ ጥያት እወጣ ነበር። «አባባ፣ እኔም የጠየቅሁዎ ስለ እግርዎ ነው። ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ጠዋት ሲነቁስ፣ እሱም አብሮ ይነሣል?» አለችኝ።

እናትህ ይህን አልጽፍም ብላ ብዕሩን አንሥታ ነበር። ጻፊ፣ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው አልኳት። ለምን መሰለህ፣ ጠዋት ሳታስበው የሚነሣ ከሆነ መስመሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ከሥራ መፈናቀል፣ ባለፈው ጊዜ እምቢ ብሎኛል የሚለው ፍርሃት ራሱ ይዞት ይሆናል፤ ፍርሃቱ እምቢታን ይወልዳል፣ እምቢታው ፍርሃትን። ጠዋትም ከሌለ ግን ደሙንና ነርቩን መመርመር ነው። ሁለቱ የተደባለቁበትም ሰው ብዙ ነው ብላኛለች። እኔ ጠዋትም አልነበረኝም። ስኳር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስኳር ነበር፤ እኔ ግን ሳሙና ነው ስል ኖርኩ።

እኔ እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳችኝ። እዚያ ያለው የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ይቀጥናል፤ ስለዚህ ስኳሩም ግፊቱም ሲጃራውም መጀመሪያ የሚያደርቀውና የሚደፍነው እሱን ነው። ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ልብና እግር ተከትለው የሚመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መጥተው ቢሆን ኖሮ የእግር ጣቶችዎን አንቆርጥም ነበር አለችኝ። ሁለት ጣቴ የቀረው እዚያ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔ የተባለ ነው ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። መጠጥም ያደርገዋል አለች፤ እንቅልፍ ማጣትም፣ የሆርሞን መጉደልም፣ በዚያ አካባቢ የተደረገ ቀዶ ጥገናም። ለደም ግፊት የሚሰጠው ክኒን ራሱ አንዳንዱን ሰው ይይዘዋል። ሰማኸኝ? አንተ ዓምና ክኒን ጀምረሃል። በራስህ ሥልጣን ደግሞ እንዳታቆመው፤ ጠይቅና ይቀይሩልህ።

ጥጋቤ ገና አልበረደም ነበርና «ሴትስ? እሷ ምን አለባት?» አልኳት፤ ላሾፍባት። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሴትም ይገጥማታል አለችኝ። ከወሊድ ቁስል፣ ከስኳር፣ ከዕድሜ፣ ከክኒን፣ ከሐዘን፣ ከፍርሃት። እንደ ቢላ እያመማት ጥርሷን ነክሳ ዝም የምትል አለች፤ ባሏ ቀዝቃዛ ይላታል። «ቀዝቃዛ የምትባል ሴት እዚህ መጥታ አላየሁም አባባ፤ ምን ሆንሽ ተብላ ያልተጠየቀች ሴት ናት የምትመጣው» አለችኝ።

ያን ዕለት የተናደድኩትን ንዴት ልነግርህ አልችልም። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነበር። መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ አንተ በምታስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። በየመጠጥ ቤቱ ወንዱ ሁሉ ማታ ማታ ስለዚህ ነገር ያወራል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቻቸዋለሁ፤ አንዱም እውነት ተናግሮ አያውቅም። ዝገቱ ሲሞት ሚስቱ ለእናትህ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? ተወው። የሞተ ሰው ነው።

ተሻለህ ወይ ትለኛለህ። እሱ የእኔና የእናትህ ነው። አልጋዬ ግን ከመሣሪያ ቤት ወጥቶ ገብቷል፤ ይህን አንተም በዓይንህ አይተሃል።

አሁን የቀረኝን ልናገር። እስካሁን ያልኩት እናትህ አብራኝ የኖረችው ነው። ይህን ግን አታውቅም፤ እየጻፈችው ነው የምታውቀው።

ባለ ሱቁን አጎትህን፣ የእናትህን ወንድም፣ ብዙም አታስታውሰው ይሆናል። እንደ እኔ ኩሩ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አስጠርቶ «እኅቴ ከስታለች፤ ምን አድርገሃት ነው?» አለኝ። ታምሜያለሁ ብለው ምን ነበረበት? ወንድ ነው፣ ይገባው ነበር። እኔ ግን «እኅትህን ጠይቃት፤ ሌላ ሰው አላት» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። አልጠየቃትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን አልረገጠም፤ ሱቁ ስትሄድ የለም ያስብላት ነበር። በአባታቸው ቤት ውርስ ተቀይሞኝ ነው እያለች ድርሻዋን ሁሉ ለቀቀችለት። አልታረቃትም። በአራተኛው ዓመት ሞተ። በቀብሩ ላይ እሷ እንደ ሩቅ ሰው ከኋላ ቆማ አለቀሰች። እኔ ከፊት ነበርኩ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከዚህ በታች ያለው ቅዳሜ የተጻፈ ነው።

ብዕሩን አስቀመጠች። ልቅሶ ጠብቄ ነበር፣ እርግማን ጠብቄ ነበር፣ ሻንጣዋን ስታወጣ ሁሉ ታይቶኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ቀን ሙሉ ምግቤን አቀረበች፣ የስኳር መርፌዬን ወጋችኝ፣ እግሬን አጥባ አደረቀችልኝ፤ መሳቢያውን ግን አልከፈተችም። ዛሬ ጠዋት ራሷ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠችና የመጨረሻውን ገጽ አነበበችልኝ። ከዚያ «ሱቁ ውስጥ አይደለም» አለችኝ። «መጋዘኑ በር ላይ ነው። ቆመህ ነበር፤ የቧንቧ መፍቻ ይዘህ ነበር።» ሰረዘችና ከላዩ ልትጽፍበት ነበር፤ ኋላ ግን ይቅር፣ እንዳልከው ይሁን ብላ ተወችው። ስርዙን ታየዋለህ።

እውነቷን ነው። ቆሜ ነበር፤ መፍቻም ይዤ ነበር። እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። እዚያ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሱ ከሞተ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው፤ ነግሯት ከሆነ ከዚያ በፊት ነው። እንዴት አወቅሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ደፍሬ የማላውቀውን ነገር ሁሉ ዛሬ በአንድ ቀን አልደፍርም።

ስለዚህ ስማኝ። ሰኞ ምግብ ሳትቀምስ ሂድና ደምህን ተመርመር። ዶክተሩ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሳታድበሰብስ ተናገር፤ «ለጓደኛዬ ነው» ካልክ ጓደኛህን ነው የሚያክሙት። ክኒንህን ይዘህ ሂድ፤ ስኳር በዘራችን እንዳለ ንገር፤ የአባቴ ሁለት የእግር ጣት በእሱ ተቆርጧል በል። ከሳጥን መድኃኒት ብትገዛ ግን አባትህ አይደለሁም። ለሚስትህ ደግሞ ቀሚስ ገዝተህ እንዳትሄድ። ያለብህን ንገራት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ለመናገር ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ ፍጠን።

የዛሬ ሳምንት እሁድ እንዳዘዝከኝ ወደ አባቷ ቤት እሄዳለሁ። ጫማው እንደተጠረገ ነው። የምናገረው ግን ያንተን ቃል አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት እቆምና «ልጃችሁ ምንም አላጠፋችም። የታመመው የእኔ ልጅ ነው። እኔም በዕድሜው ታምሜ ነበር፤ እኔም በሚስቴ ላይ ዋሽቼ ነበር» እላለሁ። እዚያ ስደርስ አንተ ቀድመህ ነግረሃቸው ከጠበቅኸኝ ሻዬን ጠጥቼ፣ የልጅ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም እላለሁ። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ምርጫው ያንተ ነው፤ እስከ እሁድ።

ፈጣሪ ልብህን ያራራልህ። ደምህን ያጥራልህ፣ ቤትህን ይመልስልህ። ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም፣ ውሸትህ ከእኔ ይጠር።

የአውራ ጣቴን አሻራ ከታች አድርጌያለሁ።

አባትህ

ልጄ፣ ይህቺን ለአባትህ አላነበብኩለትም። እሁድ እኔም አብሬው እሄዳለሁ፤ ገና አልነገርኩትም።

እናትህ